ከሐሙሲት እስከ በቆጂ፦ ብርድ ብቻውን ሯጭ አያወጣም

በ2012 ዓ.ም. የጥምቀት ሰሞን ሐሙሲት ነበርን። ሐሙሲት ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በደቡብ ጎንደር ደራ ወረዳ ያለች ከተማ ናት። አብዛኛው መንገደኛ የሚያውቃት በአውቶቡስ መስኮት ነው። እኛ ግን የአንዳችን አያት ቤት አርፈን፣ ማታ ማታ እሳት ዳር ተኮልኩለን፣ ጠላችንን ይዘን ትልልቅ ወሬ ስናወራ ሰነበትን።

ከወሬዎቹ አንዱ ሩጫ ነበር። ሁላችንም ቢያንስ አንድ ጊዜ የታላቁን ሩጫ ቲሸርት ለብሰን፣ በሕዝብ መሐል እየተጋፋን አሥር ኪሎ ሜትር ሄደናል። ሮጠናል ብንል ውሸት ነው። ጠላው ሞቅ ሲያደርገን ታዲያ ከመካከላችን አንዱ «እኛ አገር እኮ አየሩ ነው የሚያስሮጠው። ከፍታውና ብርዱ ሥራውን ይሠሩልሃል» አለ። ሌላው ደግሞ «እንግዲያው ነገ እንየዋ!» አለ። እንዲህ ሆኖ ነው ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ከተከናነቡ መንገደኞች መካከል፣ እኛ በቁምጣ አስፋልት ላይ የተገኘነው። አያታችን በር ላይ ቆመው «ልጆቼ፣ ማን አባሮላችሁ ነው በዚህ ብርድ?» ሲሉ የሰጠነው መልስ አልነበረም።

እቅዳችን ቀላል ነበር። ወደ ወረታ አቅጣጫ እንሮጣለን፤ ስልካችን አሥር ኪሎ ሜትር ተኩል ሲል እንመለሳለን። ግማሽ ማራቶን ማለት ነው። ብርዱን ማጋነን አንፈልግም፤ የሐሙሲት ብርድ የጉና ብርድ አይደለም። ግን ጣታችን አልታዘዝ ብሎን የስልኩን ሰዓት ያስጀመርነው በአፍንጫችን ነው። አየሩ ጉሮሯችን ላይ እንደ ሚጥሚጣ ያቃጥል ነበር። ሦስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ከኋላችን የእግር ኮቴ ሰማን። ሸራ ጫማ ያደረገ፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሚሆን ልጅ ነው። ሰላም ብሎን ሊያልፈን ሲል አለከለክን፤ አይቶ አዘነልን መሰለን፣ ፍጥነቱን ቀንሶ ከፊት ከፊታችን መሮጥ ጀመረ። ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ የጨረስነው የእሱን ተረከዝ እያየን ነው። ስንመለስ ፀሐይ ወጥታ ነበር። አሥራ ስምንተኛው ላይ አንዳችን ቁርጭምጭሚቱን ይዞ ተቀመጠ፤ ልጁ እጁን ይዞ አስነሣው። እያነከስንም ቢሆን ጨረስን።

እንደ ጨረስን ያለ ሐፍረት ፎቶ ተነሣን። ከዚያ ልጁን «አሰልጣኝህ ማነው?» ብለን ጠየቅነው። «ማንም» አለ። «ከማን ጋር ነው የምትሮጠው?» «ብቻዬን።» «ሰኞ ምን ትሠራለህ? ማክሰኞስ?» ጥያቄው ግራ አጋባው። «ሁልጊዜ ይችኑ ነዋ፤ ሄጄ እመለሳለሁ» አለና ከብት ሊያወጣ ወደ ቤቱ ሮጠ። አዎ፣ ሮጠ።

ይህ ጽሑፍ የሚነሣው ከዚያ ልጅ መልስ ነው። ብርዱ ነበረው። ከፍታው ነበረው። እግሩም ነበረው። ታዲያ ምን ጎደለው? መልሱን ፍለጋ ወደ ኋላ፣ ወደ ሩጫችን ታሪክ መሄድ ግድ ሆነብን።

ሮም ተአምር አልነበረችም

ስለ አበበ ቢቂላ ከሕፃንነታችን ጀምሮ የሰማነው ተረት ይህን ይመስላል፦ አንድ ማንም የማያውቀው ወታደር ሮም ሄደ፣ ጫማ አጣ፣ በባዶ እግሩ ሮጠ፣ ዓለምን ጉድ አሰኘ። የውጭ ጋዜጠኞች ጻፉት፤ እኛም ወደድነውና ደገምነው። ደስ ይላል። ችግሩ ከታሪኩ ውስጥ ዋናውን ነገር፣ ማለትም ልምምዱን፣ ቆርጦ መጣሉ ነው።

ከሮም አራት ዓመት ወደ ኋላ እንመለስ። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ የተካፈለችው በ1949 ዓ.ም. ኅዳር ወር ሜልቦርን ላይ ነው። ማራቶን ላይ ሁለት ሯጮች አሰለፈች። ባሻዬ ፈለቀ 29ኛ ወጣ፤ ጓደኛው 32ኛ። እነዚህ ሰዎች የተወለዱት እዚሁ ደጋ ላይ ነው። ያው አየር፣ ያው ብርድ፣ ያው ጤፍ። ውጤታቸው የሚያሳፍር አይደለም፤ ግን አየሩ ብቻውን ምን ያህል እንደሚያስኬድ በደንብ ይናገራል።

በሜልቦርንና በሮም መካከል የተለወጠው አየሩ ሳይሆን ሥራው ነው። ኦኒ ኒስካነን የሚባል ስዊድናዊ ከጣልያን ወረራ በኋላ፣ በ1938 ዓ.ም. ገደማ፣ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ነበር። የክብር ዘበኛ ወታደሮችን ይዞ በዕቅድ ማሠራት ጀመረ። ዛሬ ረጅም፣ ነገ አጭርና ፈጣን፣ ከነገ ወዲያ ዳገት። ከአበበ በፊት ስሙ የገነነው ዋሚ ቢራቱ ነበር፤ አበበ የመጣው እንግዲህ በባዶ ሜዳ ሳይሆን ሊያሸንፈው የሚገባ ታላቅ ሯጭ ባለበት ሰፈር ነው። እርሱ ራሱ በሰሜን ሸዋ፣ ጃቶ በምትባል መንደር፣ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. የተወለደ የደጋ ልጅ ነው። ብርድ ምን እንደሆነ የሚነግረው ሰው አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው ብርዱን ምን ላይ እንደሚያውለው የሚነግረው ሰው ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በ1952 ዓ.ም. ክረምት፣ ከሮም በፊት፣ አዲስ አበባ ላይ የማራቶን መፈተኛ ውድድሮች ተደረጉ። ሐምሌና ነሐሴ አዲስ አበባ ምን እንደሚመስል ለአንባቢ መግለጽ አያሻንም፤ ዝናብ፣ ጭቃ፣ ጭጋግ፣ አጥንት የሚገባ ብርድ ነው። አበበ በሐምሌ ግድም የመጀመሪያውን አሸነፈ። ከአንድ ወር በኋላ ደግሞ ሮጠና በ2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ ገባ። ይህች ቁጥር ዝም ብላ አትታለፍ። በዚያን ጊዜ የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን የታላቁ ኤሚል ዛቶፔክ ነበር፤ በሄልሲንኪ የሮጠው 2 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ከ3 ሰከንድ። አንድ የኢትዮጵያ ወታደር አየሩ በሳሳበት፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ በሆነ ከተማ፣ በክረምት፣ ከዛቶፔክ የኦሎምፒክ ሰዓት የተሻለ ሮጦ ነበር ማለት ነው። ዓለም አላየም። ካሜራ አልነበረም። ግን ሮም የተሸነፈችው ያን ቀን ነው ብንል ብዙ አንሳሳትም።

ሮም ላይ የሆነው ይታወቃል። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነበር፤ ልብ በሉ፣ የአዲስ ዓመት ዋዜማ። ውድድሩ አመሻሽ ላይ ተጀምሮ በጨለማ፣ በችቦ ብርሃን አለቀ። አዲስ ጫማ አልተመቸውም፤ በባዶ እግር መሮጥ ደግሞ በልምምድ የለመደው እንጂ ያን ዕለት የጀመረው ነገር አልነበረም። ከሞሮኮው ራህዲ ቤን አብደሰላም ጋር ትከሻ ለትከሻ ሄደው ሄደው፣ ጣልያኖች በወረራው ዘመን ወስደው የተከሉት የአክሱም ሐውልት አጠገብ ሲደርስ ፍጥነቱን ጨመረና ተለየ። በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ የቆስጠንጢኖስን ቅስት ደረሰ። አዲስ አበባ ያን ሌሊት አድራ እንቁጣጣሽ ብላ ተነሣች።

ይህንን ሁሉም ያውቃል። ብዙዎቻችን የማናውቀው ግን በዚያው ሩጫ 7ኛ የወጣው ማን እንደነበር ነው። እሱም አበበ ነው፤ አበበ ዋቅጅራ። የአንድ ሰፈር፣ የአንድ አሰልጣኝ፣ የአንድ ክረምት ልምምድ ውጤት። አንድ ሰው ተአምር ሊሆን ይችላል። ሁለት ሰው ግን ትምህርት ቤት ነው።

የአስተማሪ ሰንሰለት

ነገሩን በዚህ ዓይን ማየት ከጀመርን በኋላ የቀረው ታሪክ ሁሉ መልኩ ተለወጠብን። በ1957 ዓ.ም. ጥቅምት ቶኪዮ ላይ አበበ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ አምስት ሳምንት ገደማ ብቻ ሆኖት፣ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ሮጦ ደገመው። በ1961 ዓ.ም. ጥቅምት ሜክሲኮ ላይ በጉዳት ሲያቋርጥ ማን ተካው? ያው የክብር ዘበኛው ማሞ ወልዴ፤ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ወርቁን ወሰደ። ሦስት ኦሎምፒክ፣ ሦስት ወርቅ፣ አንድ ሰፈር። ክብር ዘበኛ ለእነዚህ ሰዎች መለዮ ብቻ አልነበረም። ደመወዝ ነበረው፣ ምግብ ነበረው፣ አልጋ ነበረው፣ ከሁሉም በላይ ጠዋት ላይ ብርድ ልብሱን የሚገፍ መለከት ነበረው። በብርድ ለመነሣት ጽናት ያስፈልጋል ይባላል። እውነት ነው፤ ግን አጠገብህ ሃያ ሰው አብሮ ሲነሣ የሚያስፈልግህ ጽናት በብዙ ይቀንሳል።

ከዚያ ወዲያ ሰንሰለቱን ተከተሉት። በሜልቦርን ኦሎምፒክ በአጭር ርቀት የተወዳደረው ንጉሤ ሮባ አሰልጣኝ ሆነ። በ1972 ዓ.ም. ሞስኮ ላይ የአየር ኃይሉ ምሩፅ ይፍጠር፣ ማርሽ ቀያሪው፣ 5 ሺህና 10 ሺህ ሜትርን ጠቅልሎ ሲወስድ ጀርባው ላይ የእሱ ሥራ ነበረ። ቀጥሎ ሃንጋሪ የተማሩት ዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬ መጡ። ቁጣቸውን የማያስታውስ የዚያ ዘመን ሯጭ የለም ይባላል። በእሳቸው ዘመን ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ ደራርቱ ቱሉ 10 ሺህ ሜትርን አሸንፋ የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሆነች። ቀኑ አበበ ከተወለደ ልክ 60 ዓመት የሞላው ቀን ነው፤ አጋጣሚ ነው፣ ግን ደስ የሚል አጋጣሚ።

እንጦጦን ያየ ሰው ይህን ሰንሰለት በዓይኑ ያየዋል። ጎህ ሳይቀድ፣ ጭጋጉ ባሕር ዛፉ ላይ እንደተኛ፣ ሯጮች ተሰልፈው ይወጣሉ። አንዱ ይመራል፣ ሌሎቹ እግሩን ይከተላሉ። ከአንድ ዓመት በላይ አዲስ አበባ ተቀምጦ አብሯቸው የሮጠው ብሪታንያዊው አንትሮፖሎጂስት ማይክል ክራውሊ በ2020 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ በጣም ከገረመው ነገር አንዱን ጽፏል፦ እዚህ ብቻውን የሚሮጥ ሰው እንደ ጀግና አይታይም፤ ለለውጥ የሚሮጥ ሰው ከሰው ጋር ነው የሚሮጠው። እሱ ከውጭ መጥቶ ስላየው ገረመው። እኛ ግን ዕድርና ደቦ ባለበት አገር አድገን እንዴት ሳይታየን ቀረ?

ያው ከፍታ፣ ያው ውርጭ

ከሐሙሲቱ ሩጫ በማግስቱ በመኪና ወደ ደብረ ታቦር ወጣን። መኪናው ሲወጣ ብርዱም ወጣ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከበላይዋ ከ4100 ሜትር በላይ የሆነው ጉና ተራራ ተቀምጧል። ሻይ ቤት ገብተን ብርጭቆውን በሁለት እጃችን አቅፈን ሳለ አንዳችን ስልኩን አውጥቶ «በቆጂ ስንት ሜትር ናት?» ሲል ፈለገ። 2800 ገደማ።

መቶ ሜትር ልዩነት። ይህች ናት ልዩነቱ።

በቆጂ የአርሲ ትንሽ ከተማ ናት። ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳና ታሪኩ በቀለ፣ እጅጋየሁ፣ ጥሩነሽና ገንዘቤ ዲባባ ከዚያችና ከአካባቢዋ ወጡ። የኦሎምፒክ ሜዳሊያቸው ቢደረደር የብዙ አገሮችን ያስንቃል። የደብረ ታቦርን ስም ስንሰማ ግን ቀድሞ ወደ አእምሯችን የሚመጣው ሩጫ አይደለም። ልጆቹ ሩቅ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፤ የበቆጂዎቹም ይሄዱ ነበር። ገብስ ይበላሉ፤ እነዚያም ይበላሉ። ውርጩ ያው ውርጭ ነው።

ልዩነቱን ለማግኘት ካርታ ሳይሆን ሰው መፈለግ ነበረብን። በቆጂ ላይ ስንታየሁ እሸቱ የሚባሉ የስፖርት መምህር ነበሩ። የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ ናቸው፤ የተወለዱትም እዚያ አይደለም። ልጆቹን ጠዋት ሰብስበው ያሮጡ ነበር። የሚችለውን ከማይችለው ይለያሉ፤ የሚችለውን ደግሞ ወደ አዲስ አበባ ክለቦች እንዲሄድ ያዘጋጃሉ። ደራርቱ ስታሸንፍ የበቆጂ ልጅ ሁሉ «እሷ ከኛ ሰፈር ናት፤ የሮጠችውም እዚሁ ሜዳ ላይ ነው» አለ። ቀነኒሳና ጥሩነሽ በዚያ መንገድ መጡ። የበቆጂ ምስጢር እንግዲህ ይኸው ነው፦ አንድ መምህር፣ አንድ ሜዳ፣ ቀድሞ የሄደ ታላቅ፣ የሚቀበል ክለብ። ከአራቱ አንዱም በቴርሞሜትር አይለካም።

ብርድ ወዳጅ አይደለም

ሌላም ማረም ያለብን ነገር አለ። «የደጋ ሰው ብርድ አይፈራም» እንላለን። የቦስተን ማራቶን በሚያዝያ 2010 ዓ.ም. ሲካሄድ ከባድ ዝናብ፣ የፊት ነፋስና ከዜሮ ብዙም ከፍ ያላለ ቅዝቃዜ ነበር። ከኢትዮጵያና ከኬንያ የሄዱ ታላላቅ ሯጮች በየመንገዱ አቋረጡ። ማሚቱ ዳስካ ለረጅም ርቀት ብቻዋን መርታ ነበር፤ መጨረስ ግን አልቻለችም። ወንዶቹን ያሸነፈው ጃፓናዊው ዩኪ ካዋውቺ ነው፤ በዚያን ጊዜ ሙሉ ቀን የመንግሥት ሥራ እየሠራ በተረፈው ሰዓት ይለማመድ የነበረ ሰው። የእኛ ደረቅ የማለዳ ብርድ ፀሐይ ስትወጣ ይለቅቃል፤ የቦስተን እርጥብ ብርድ ግን አልለቀቀም። ሰው የሚችለው የተለማመደውን ብርድ ነው።

ከሜዳሊያው ጀርባ ያለው ማለዳም ሁልጊዜ በሰላም አያልቅም። ታኅሣሥ 26 ቀን 1997 ዓ.ም. የ1500 ሜትር የዓለም ታዳጊዎች ሻምፒዮናዋ ዓለም ተጫሌ ከእጮኛዋ ከቀነኒሳ በቀለ ጋር ልምምድ ላይ ሳለች ወድቃ አረፈች። 18 ዓመቷ ነበር። ምክንያቱ ብርድ ነበር ለማለት አይደለም። ለማለት የፈለግነው፣ እኛ በቴሌቪዥን የምናየው 27 ደቂቃ ስንት ያልታየ ማለዳ እንደተከፈለበት ነው። ከሦስት ወር በኋላ ቀነኒሳ ፈረንሳይ ሄዶ የዓለም አገር አቋራጭ አጭሩንም ረጅሙንም ርቀት አሸነፈ። ይህን ሁሉ «ተፈጥሮ ነው፣ አየሩ ነው» ብሎ ማለፍ፣ እውነቱን እንነጋገርና፣ ምስጋና ቢስነት ነው።

ጋፋትና ቤተልሔም

ደብረ ታቦር ላይ ሻያችንን ጠጥተን ስናበቃ ስለ ራሷ ስለ አካባቢዋ ማሰባችን አልቀረም። የደቡብ ጎንደር ሰው ረጅም መንገድና ብርድ አያውቅም የሚል ካለ ታሪክ አያውቅም።

ከከተማዋ አጠገብ ጋፋት አለች። አፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን ሚስዮናውያን ባለሙያዎችን ከኢትዮጵያውያን ጋር አድርገው መድፍ ያሠሩባት መንደር ናት። ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ እዚያ ተሠራ፤ ሰባት ቶን ገደማ ይመዝናል። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ ያንን መድፍ በሰው ጉልበት እያስጎተቱ፣ መንገድ የሌለበትን በገዛ እጃቸው ጭምር እየቆፈሩ፣ የወደላንና የደላንታን ደጋ፣ የጂዳንና የበሽሎን ገደል አቋርጠው መጋቢት ላይ መቅደላ ደረሱ። ስድስት ወር ገደማ። ከዚህ የበለጠ የጽናት ጉዞ የት ይገኛል? ግን መጨረሻውን እናውቃለን። ሚያዝያ 6 ንጉሡ ራሳቸውን ሠዉ፤ ባለሙያዎቹ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወጡ፤ ጋፋት ተዘጋች። ጽናቱ ነበር፤ ግን ከእሱ በኋላ የሚቀጥል ደቀ መዝሙር አልቀረም። መድፉ ዛሬም መቅደላ ላይ አለ፤ የሠሩት እጆች እውቀት ግን አልተላለፈም።

በዚያው በደቡብ ጎንደር፣ ጋይንት ውስጥ፣ ቤተልሔም አለች። የድጓ ምስክር ቤት ናት። የቅዱስ ያሬድን ዜማ አስመስክሮ ለመምህርነት ለመብቃት ከሩቅ አገር ተማሪ በእግሩ እየተጓዘ ይመጣባት ነበር። ደበሎ ለብሶ፣ ለምኖ አድሮ፣ በውርጭ ሌሊት በቃሉ እያነበነበ ዓመታትን ያሳልፋል። እዚህም ብርድ አለ፤ እዚህም ድግግሞሽ አለ፤ እዚህም ሰው የማያየው ማለዳ አለ። ግን የጋይንት ብርድ ድጓ አስተምሮ አያውቅም። ያስተማረው ጉባኤው ነው። የኔታ ከፊት፣ ቀድሞ የዘለቀው ተማሪ ከጎን፣ አዲስ ገቢው ከኋላ። ነገሥታት መጥተው ሄዱ፣ ጋፋት ተከፍታ ተዘጋች፤ ጉባኤው ግን ትውልድ ለትውልድ ተቀባበለ።

ያኔ ነው የልጁ ነገር የገባን። ሩጫም እንደ ድጓ ነው። ችሎታ ያለው ልጅ በየደጋው ይወለዳል፤ ጉባኤ ግን በየደጋው አይተከልም። አዲስ አበባ ላይ ክብር ዘበኛ ጉባኤ ነበር። በቆጂ ላይ የስንታየሁ ሜዳ ጉባኤ ነበር። ሐሙሲት አስፋልት ላይ ግን አንድ ተማሪ ብቻውን፣ ያለ የኔታ፣ ሰኞንም ማክሰኞንም አንድ ዓይነት ያነበንባል።

ያ ልጅ አሁን

ይህን ስንጽፍ «መንግሥት ማሰልጠኛ ይሥራ» ብለን ልንዘጋ ነበር። ቢሠራ ማን ይጠላል? አሰላ ላይ በጥሩነሽ ዲባባ ስም የተሰየመው ማዕከል መልካም ነገር ነው። ግን ታሪኩን ስናየው መጀመሪያ የመጣው ሕንፃ አልነበረም። ኒስካነን ሲጀምር የተሟላ ስታዲየም አልጠበቀም። የበቆጂው መምህር ፊሽካና የእጅ ሰዓት ይዘው ነው የጀመሩት። የቤተልሔም ተማሪ ጎጆውን ራሱ ነው የሚቀልሰው። ቀድሞ የሚያስፈልገው በየጠዋቱ የሚመጣ አንድ የሚያውቅ ሰው ነው። በየወረዳው ደግሞ የስፖርት መምህር አለ።

ሌላም የሚያስፈልግ ነገር አለ፤ በ2012 ስንሮጥ ጭራሽ ያላሰብነው። ጎህ ሳይቀድ መንገድ ላይ ለመሮጥ ጎህ ሳይቀድ መንገድ ላይ መውጣት መቻል ያስፈልጋል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ጦርነት ከተቀሰቀሰ ወዲህ ያንን አስፋልት ስናስብ የሚመጣብን ብርዱ አይደለም። አበበ በ1952ቱ ክረምት የሮጠው ሩጫ ከሁሉ በፊት ሰላም ያለበት መንገድ ነበረው። የልምምድ ታሪክ ሲጻፍ ይህ ይረሳል፤ ያለው ሰው ስለማያየው።

ልጁን ዳግመኛ አላገኘነውም። ስሙንም በቅጡ አልጠየቅነውም፤ ፎቶ ስንነሣ ጊዜው አለቀብን። ፎቶው ላይ እኛ አራታችን እጃችንን አንሥተን እንስቃለን፤ እሱ ከዳር ቆሞ ወደ መንገዱ ያያል። ሃያ አንድ ኪሎ ሜትር በብርድ የጨረስነው በእሱ ተረከዝ ነው። እኛ ባንገባውም፣ ለዚያች ማለዳ ጉባኤ የሆነን እሱ ነበር።

እሱስ የማንን ተረከዝ እያየ ይሮጥ?